ስለ ጠያቂዋ ሴትና ስለ ተሰረዘው ቃሌ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ፣ ለእታለም ሠርኬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ከተለያየን ወዲህ ያለው ጊዜ እንዴት ይዞሻል? አባታችንን ጉልበታቸውን ያማቸው የነበረው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ጠዋት ሲነሡ ሰው መደገፍ አለበት? የእናታችን ዓይን እንዴት ነው? ልጅሽስ እንደምን አለች፤ ትምህርት ቤት ገባች ወይ? ጤፉ ታጭዶ ይሆን? ዘንድሮ ለአጨዳ የመጣላችሁ ሰው አለ ወይስ እንደ አምናው ከእኛ ጋር መታየትን ፈርቶ ሁሉም ቀረ? ይህን ሁሉ በስልክ ልጠይቅሽ በቻልሁ ነበር። ነገር ግን ስልኩን ስታነሡ ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እንደሚሰማ ስለማውቅ «ደኅና ነኝ» ከማለት አልፌ ብዙ አልናገርም። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፤ እሠራለሁ። እንቅልፌ ብቻ እንደ ቀድሞው አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ፈርሀት የሚባል የእህል መኪና ሾፌር ነው። የስልጤ ሰው ነው፤ ከእኛም ከእነዚያም ወገን አንድ ሰው አያውቅም፤ የመረጥሁትም ለዚህ ነው። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ስትጨርሺም እሳት ውስጥ ጨምሪው። መጻፍ ባይኖርብኝ ባልጻፍሁ ነበር። ነገሩ አንቺንም የሚነካ ስለሆነ ከእኔው ልትሰሚው ይገባል ብዬ አሰብሁ።

የምሠራው እንደምታውቂው እህል በረንዳ ነው። ጋሼ ሰላሁዲን በሚባሉ የእህል ነጋዴ መጋዘን ከመኪና ጆንያ እናወርዳለን፤ እንጭናለን። አዲሱ ጤፍ መግባት ስለጀመረ ሥራ አለ። ሥራ በሌለ ሰዓት መጋዘኑ ደጅ እንቀመጣለን፤ እኔ የምቀመጠው ሁልጊዜ ጀርባዬን ለግድግዳው፣ ፊቴን ለመንገዱ ሰጥቼ ነው። ባልደረቦቼ ይህን ልማዴን ለይተው አውቀውታል። ቃሊ የሚባለው ጓደኛዬ «ይሄ ልጅ ሚስት ቢያገባ እንኳ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚተኛው» እያለ ሰው ያስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወንድማችን አገኘሁ በድንበር ጠብ የሰው ነፍስ አጥፍቶ መታሰሩን፣ የሟች ወንድሞችም ደማቸውን በእኔ ሊመልሱ ይፈልጉኝ እንደነበር እዚህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

በክረምቱ መውጫ ላይ አኪኒ የምትባል አንዲት ኬንያዊት ወደ እህል በረንዳ መጣች። በአገሯ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዶክተር ናት፤ ሐኪም ግን አይደለችም። ሥራዋ ከቤታቸው ሸሽተው ከተማ የገቡ ወጣቶችን ለምን እንደ ወጡ እየጠየቁ መጽሐፍ ማዘጋጀት ነው። መልኳ ከእኛ ስለማይርቅ መጀመሪያ ላይ እንግዳ መሆኗን ማንም አላወቀም። ጆንያ ተሸክመን «መንገድ፣ መንገድ» እያልን ስንመጣ አትሰማም፤ መሐል ላይ ቆማ ታየናለች። ቃሊ «እየሰማች የናቀችን ናት» ብሎ ተቆጣ። የሌላ አገር ሰው መሆኗን ሲሰማ ደግሞ «ታዲያ ፓስፖርቷን ግንባሯ ላይ ለጥፋ አትመጣም ነበር?» አለ። አብራት የነበረችው አስተርጓሚ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ስትነግራት ዶክተሯ ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ጆንያ ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ መንገድ የምትለቅ እርሷ ሆነች።

አስተርጓሚዋ ማሂራ ትባላለች። አባቷ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እዚሁ መርካቶ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ለመጠየቅ ፈቃደኛ ነኝ የሚል ወረቀት ነው፤ ፈርሙ ተባልን። ማንም እጁን አልዘረጋም። ቃሊ «እኔ የማውቀው ሰው የሚፈርመው ዋስ ሲሆንና ሚስቱን ሲፈታ ነው፤ ለሁለቱም አልደረስኩም» አለ። ማሂራ ወረቀቱ ለእኛው መጠበቂያ እንደሆነ አስረዳችን። ስሜ የተጻፈበት ነገር እኔን እንዴት ሊጠብቀኝ እንደሚችል ግን አልገባኝም፤ እስከ አሁንም አልገባኝም። ዶክተሯም ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ መልሳ በቃል መስማማት ይበቃናል አለች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምንም አልጠየቀችንም። ምሳ እኛ ከምንበላበት ቤት ትበላለች፤ ትቀመጣለች፤ ትሄዳለች። አንድ ቀን ቃሊ «ልትጠይቀን አይደል የመጣችው? እንግዲያውስ መጀመሪያ እኛ እንጠይቃት» አለ። እሺ አለች። የአባቷን ሥራ፣ የወንድሞቿን ኑሮ፣ በአገሯ ጤፍ ይዘራ እንደሆነ፣ ለምን ልጅ እንዳልወለደች፣ ያልተጠየቀችው አልነበረም። አባቷ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ እንደነበር፣ እርሷ በተወለደችበት ጤፍ እንደማይዘራ፣ ሁሉንም በየተራ መለሰች። ቃሊ ግን ማቆሚያ የለውም፤ ባሏን ለምን እንደ ፈታች ጠየቃት። ማሂራ እያፈረች ተረጎመችላት። ዶክተሯም «እሱን አልናገርም» አለች። አልተቆጣችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቀች። እታለም፣ ከመለሰቻቸው ሁሉ ይልቅ ወደ እርሷ ያቀረበኝ ያልመለሰችው ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ይባላል። ሰው አልናገርም ብሎ በሰላም ሊቀመጥ እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዶክተሯ ከባድ ከባዱን ነገር ለመናገር የሌላ ወገን ልጅ ፊት እንዳንቸገር አስባ በማሂራ ፈንታ ማስረሻ የሚባል አስተርጓሚ አመጣች። «የአገራችሁ ልጅ ነው፤ አነጋገራችሁን ያውቃል» ተብለን ተዋወቅነው። ለእኛ ክብር እንዳደረገችልን ነበር የምታስበው። ማስረሻ ጨዋ ሰው ነው። እንደ አገራችን ወግ ብድግ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀኝ። ቀጥሎም ማንኛውም ያገራችን ሰው እንደሚያደርገው «የማን ልጅ ነህ? ደብራችሁስ የትኛው ነው?» አለኝ። የእናታችንን አጎት ስም የአባቴ ስም ነው ብዬ ነገርሁት፤ አገሬም ደጀን ነው አልሁት። ፈገግ ብሎ «አነጋገርህ እንኳ የደጀን አይመስልም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን መኪና መጥቷል ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። አባታችንን በሕይወት እያሉ መካዴን አትንገሪያቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማደሪያዬን ለውጬ ቃሊ ዘንድ ተጠጋሁ። በገበያው ግርግር ውስጥ ያገሬን አነጋገር ስሰማ መንገድ እቀይር ነበር። ሌሎቹም በማስረሻ ፊት አፋቸው እንደ ተዘጋ ቀረ። አንዱ ትቶት የመጣው ትዳር አለው፤ አንዱ አገር ቤት ሱቅ ከፍቻለሁ ብሎ አስወርቷል፤ እያንዳንዱ አገሩ እንዳይሰማበት የሚፈልገው ነገር አለው። ለማሂራ ግን ሁሉም ሲያወራ ነበር የከረመው። ዶክተሯ ዝምታው ሲበዛባት ማሂራን ፈልጋ ምክንያቱን ጠየቀቻት። ማሂራ በኋላ ራሷ እንደ ነገረችኝ፣ «እኔ የማናቸውም ዘመድ አይደለሁም፤ ሠርጋቸውም ላይ ለቅሷቸውም ላይ አልገኝም፤ የሚያወሩኝ ለዚህ ነው» ብላ መለሰችላት።

በማግስቱ ሁለቱ አብረው መጡ። ዶክተሯ በሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቀች። ወደ እኔም መጥታ ማስረሻ ከአባይ ማዶ ተሻግሮ የማያውቅ የሸዋ ሰው እንደሆነ፣ ከእኛ አውራጃ ዘመድ እንደሌለው፣ ስለ እኔም ምንም እንዳልነገረችው አስረዳችኝ። አነጋገራችንን የለመደው ጎረቤቱ ከነበሩ ያገራችን ሰዎች ነው። እንዲህ ከሆነ በከንቱ ነበር የሸሸሁት። ያም ሆኖ ወደ ቀድሞው ማደሪያዬ አልተመለስሁም።

ልጠየቅ የተስማማሁት ከዚህ በኋላ ነው። ለምን ተስማማህ ብትዪኝ፣ ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ይህን ነገር ለአንድ ሰው እንኳ ተናግሬ ስለማላውቅ ሳይሆን አይቀርም። ንስሓ አባታችን ሩቅ ናቸው፤ እዚህም ሌላ አልያዝሁም። ዶክተሯ ሰባተኛ አካባቢ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር፤ ማንም እንዳይሰማን በሩ ይዘጋል አለችኝ። በር ተዘግቶብኝ መቀመጥ አልችልም አልኋት። ታዲያ የት ይሻልሃል አለችኝ። መጋዘኑ ውስጥ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጋሼ ሰላሁዲን ከደጅ ሆነው በሚያዩን ቦታ አልሁ። ጋሼ ሰላሁዲን ወንበር አስመጡልንና «እኔ አያለሁ እንጂ አልሰማም፤ በዚህ የመኪና ጩኸት የራሴንም ድምፅ አልሰማው» አሉ።

መናገር ጀመርሁ። ሽማግሌዎች የያዙት እርቅ ሳያልቅ የገዳይ ወገን ስለ ግድያው አፉን መክፈት እንደሌለበት፣ ቢሰማ ፎከረ ተብሎ የሽማግሌዎቹ ድካም ሁሉ ገደል እንደሚገባ አስቀድሜ ነገርኋት። ስሜም፣ ቀበሌያችንም፣ ወንዛችንም እንዳይጻፍ ተስማማን። ድምፅ መቅረጫውን ጆንያው ላይ አስቀመጠች። ስለ ድንበሩ ጠብ፣ ስለ ወንድማችን፣ ስለ እስሩ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አድርጌ አወራኋት፤ ድምፄም አልተሰበረም። እርሷ ብዙ አትጠይቅም፤ ማሂራም ቃል ሳታስተርፍ ትተረጉማለች። ከዚያ ዶክተሯ እንዴት አምልጠህ ወጣህ ብላ ጠየቀችኝ።

እታለም፣ አንደበቴ አንዴ ከሄደ አልመለስ አለ። ከሟች ቤት የሆነች አንዲት ሴት ወንድሞቹ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚጠብቁኝ ለአንቺ እንደ ነገረችሽ፣ አንቺም ስንቅ ቋጥረሽ በሌላ መንገድ እንደ ሸኘሽኝ ተናገርሁ። እዚህ የማልጽፈውን ሁሉ እዚያ አወጣሁት፤ ለእነርሱ ምናቸው እንደሆነች፣ የት እንዳገኘችሽ፣ ፊቷን ወዴት አዙራ እንደ ተናገረችሽ። ይህን ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዶክተሯ እጇን አንሥታ አስቆመችኝና መቅረጫውን አጠፋችው። ማሂራን በቀስታ አናገረቻት። ማሂራም «ይህን መናገርህን ሴትየዋ ታውቃለች ወይ ትልሃለች» አለችኝ። አታውቅም አልሁ። «ስሟ ባይጻፍስ፣ ያገራችሁ ሰው ቢያነበው ማን እንደሆነች ይለያታል?» አለችኝ። ያገራችን ሰው ስም አይፈልግም፤ ከሟች ቤት አንዲት ሴት ከተባለ በዚያ ቤት ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ ቆጥሮ ይደርስባታል። የገዛ ወገኖቿ ምን እንደሚያደርጓት አንቺም እኔም እናውቃለን። ይለያታል አልሁ። ዶክተሯም የአንተን ታሪክ ከአንተ እቀበላለሁ፣ የእርሷን ግን ከአንተ ልቀበል አልችልም አለች። አሁኑኑ እናጥፋው፣ ወይም ሴትየዋ እስክትጠየቅ ድረስ ማንም ሳይሰማው ይቆይ፤ ምርጫው ያንተ ነው አለችኝ።

ለእኅቴ እጽፍላታለሁ፣ እርሷም ሴትየዋን ትጠይቃታለች አልሁና ተነሣሁ። ያን ሳምንት ልጽፍልሽ ያሰብሁት ደብዳቤ ይህ አልነበረም፤ ፈቃዷን ጠይቂልኝ የሚል ነበር። ጆንያ ስሸከምም ስበላም የማስበው አንድ ነገር ሆነ። አንቺ እርሷን ለመጠየቅ ልታናግሪያት ይገባል። ስታናግሪያት ሰው ያያችኋል። ሰው ባያይ እንኳ፣ ወንድሜ ስላንቺ ለሰው ተናግሯልና ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ስትዪያት ምን ትሆናለች? እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሰው ስንት እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አታውቅም። የሰው ፊት ባየች ቁጥር ይህስ ሰምቶ ይሆን ትላለች። እኔ በመርካቶ የምቀመጠውን አቀማመጥ እርሷ በገዛ ቤቷ ትቀመጠዋለች። መጠየቁ ራሱ የሚጎዳት ከሆነ ፈቀደችም አልፈቀደችም ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ዶክተሯን ፈልጌ አጥፊልኝ አልኋት። ከጠየቀቻቸው ሰዎች ሁሉ ከሰማችው ለሥራዋ እጅግ የሚጠቅማት ይኸው የእኔ ቃል እንደ ነበር ማሂራ በኋላ ነግራኛለች። ዶክተሯ ግን አልለመነችኝም፤ ቆይ እናስብበትም አላለችኝም። የተናገርሁበትን ቦታ በጆሮዬ አሰማችኝ፤ ከዚያ እያየሁ አጠፋችው። ወደ ኮምፒዩተሯ ተላልፎ የነበረውንም እንዲሁ። የማሂራን ጆሮ ማጥፋት ስለማይቻል እርሷን ብቻዋን ለመንኋት። «ወላሂ ከአፌ አይወጣም፤ ደግሞ አገራችሁ በየት በኩል እንደሆነም አላውቀው» አለች። አመንኋት።

አንድ ነገር ብቻ አከራከረን። በመጽሐፉ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይታይ አደጋውን ራሱ ጠርጥሮ ወጣ ብለሽ ጻፊ አልኋት። ዶክተሯ ሐሰት እንደሆነ የማውቀውን አልጽፍም አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ምንም አልጠረጠርሁም፤ ቀንበር እያስተካከልሁ ነበር። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ «እንዴት እንደ ወጣ መናገር አልፈለገም» ብላ ጻፈችና ማሂራ አነበበችልኝ። ይሁን አልሁ። የሚያነበው ሰው ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ ልቤ ደንዳና ነው ሊል ይችላል፤ ውለታ ቢስ ሊለኝ ግን አይችልም፤ ውለታ መኖሩን አያውቅምና።

ዶክተሯ ባለፈው ሳምንት ወደ አገሯ ተመልሳለች። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። ይህን ሁሉ የጻፍሁልሽ ቃሌ ከአፌ ወጥቶ የነበረ መሆኑን ማወቅ ስለሚገባሽ ነው። በአገር ቤት አንዳች የተለየ ነገር፣ አንዳች ሹክሹክታ ሰምተሽ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለፈርሀት ብዙ አትንገሪው፤ ምንም ካልተሰማ «አጨዳው በሰላም አለቀ» በይው፤ እርሱ ይነግረኛል። የእርቁም ነገር ከየት እንደ ደረሰ ሽማግሌዎቹን ጠይቂልኝ። እርቁ ሰምሮ በአንድ ማዕድ ብንቀመጥም እንኳ የዚያችን ሴት ነገር የሚጀምረው የእኔ አፍ አይሆንም፤ ያንቺም እንዳይሆን እለምንሻለሁ።

የአባታችንን ጉልበት ሳምሁ በይልኝ። እናታችንን አንገታቸውን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ዓይናቸውን ለመታከም ወደ ከተማ መውጣት ካለባቸው ላኪብኝ፣ መንገድ ድረስ እቀበላቸዋለሁ። ለልጅሽ ፈርሀት ደብተርና እርሳስ ይዞላታል፤ ከአጎትሽ ነው በያት። ወንድማችንን ለመጠየቅ ወደ እስር ቤቱ ስትሄጂ አልረሳሁህም ይልሃል በይው፤ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። ለአጨዳ ፈርቶ ላልቀረ ጎረቤት ሁሉ፣ ካለ፣ በየስሙ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለዚያች ሴት ግን ሰላምታ አልልክም። መንገድ ላይ ስትተላለፉ እስከ ዛሬ እንደምታደርጊው ፊትሽን አዙረሽ እለፊ።

ወንድምሽ ምንይሉ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ እህል በረንዳ
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.